ንዕማን ስድስት ጊዜ ታጥቦ ቢወጣስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትምህርት ክፍሉ ለዚህ እትም እንድጽፍ ሲያዝዘኝ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንድ ታሪክ ይዤ ስለ ሥጋ ጤና ልናገር መረጥሁ። ይኸውም ጤና የሐኪም ጉዳይ ብቻ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ብቻ ናት እያልን ከፋፍለን ማሰባችን ምን እንደሚያስከትል በቤታችን ስላየሁ ነው።

ታሪኩ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ይገኛል። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ፣ ኃያልና የተከበረ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ለምጽ ነበረበት። ከእስራኤል ተማርካ በቤቱ የምታገለግል አንዲት ትንሽ ልጅ በሰማርያ ነቢይ መኖሩን ተናገረች። እርሱም ወርቅና ብር፣ ልብስም አስጭኖ በፈረስና በሠረገላ ወደ ኤልሳዕ ደጅ መጣ። ኤልሳዕ ግን ራሱ ሳይወጣ መልእክተኛ ልኮ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ አዘዘው። ንዕማን ተቆጣ። በአገሩ ከዮርዳኖስ የሚበልጡ አባናና ፋርፋ የሚባሉ ወንዞች እያሉ በዚህ ውኃ መታጠብ ንቀት መሰለው፤ ፊቱንም አዙሮ ሄደ። የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው። ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝዘው ኖሮ እንደማይተወው አስታውሰው፣ ቀላሉን ነገር ለምን ይተዋል ብለው መከሩት። ወረደ፤ ሰባት ጊዜም ጠለቀ፤ ነጻ።

ወገኖቼ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ቀላል ስለሆነ መናቅ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ተምረነዋል። ሁለተኛው ግን ቁጥሩ ነው። መጽሐፉ ንዕማን በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ ጥቂት ተሻለው አይልም። ስድስት ጊዜ ታጥቦ፣ ገላውን አይቶ፣ ይበቃኛል ብሎ ቢወጣስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ ታናሽ እኅቴ ናት።

እኅቴ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እዚሁ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ተከራይተን በምንኖርበት ቤት፣ አንድ ሳምንት ጉሮሮዋን አመማት። ምራቋን መዋጥ ተሳናት፤ አተኮሳት፤ ከመንጋጋዋ ሥር ንፍፊት ወጣባት። እናታችን ዳማ ከሴ ጨምቃ፣ ዝንጅብል በማር አፍልታ ሰጠቻት። ጎረቤቶቻችን እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እናታችን እምቢ አለች። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ወይ ብላ እኔን ስትጠይቀኝ ግን፣ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል ያልሁት እኔ ነኝ። እውነትም አለፈ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። ስትጫወት ወድቃ ይሆናል ብለን ወጌሻ አሻት። ጉልበቷ ሲድን ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ ከዚያም ክርኗ። ሁሉም በየተራው ተሻለና ረሳነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከልጆች ጋር ታቦር ተራራን ስንወጣ ከመንገዱ ግማሽ ሳትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሽ አጥሯት መናገር አልቻለችም። ሆስፒታል ወስደን ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ከልብ በሮች አንዱ ጠባሳ ይዞ በደንብ አይዘጋም ተባልን። ምክንያቱም ያ የጉሮሮ ሕመም ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች፣ ጉሮሮ ያሳምማል። እግዚአብሔር በሰውነታችን ያኖራቸው ወታደሮች ይህን ጠላት ይዋጋሉ። ነገር ግን የባክቴሪያው አንዳንድ ክፍል የልብንና የመገጣጠሚያን ሥጋ ስለሚመስል፣ በአንዳንድ ልጆች ወታደሮቹ ይሳሳቱና የገዛ ወገናቸውን ይመታሉ። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ የሚመጣውም ጉሮሮው ከታመመ ከሁለትና ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወረው እብጠት ይድናል፤ በልብ በሮች ላይ የተተወው ጠባሳ ግን ይቀራል፤ በሽታው በተመለሰ ቁጥርም ይብሳል። በሕፃንነት የተናቀ የአንድ ሳምንት ሕመም የዕድሜ ልክ ደዌ የሚሆነው እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የልብ ሩማቲክ በሽታ አለባቸው፤ በየዓመቱም ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ይሞቱበታል። አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ አገሮች፣ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ክፍል በሚያድርባቸው ቤቶች የሚኖሩ ናቸው።

ለኩፍኝና ለፖሊዮ ክትባት አለ፤ ለዚህ ግን እስካሁን ክትባት የለውም። መድኃኒቱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ መርፌ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ወይም ለ10 ቀን በትክክል የሚዋጥ ኪኒን ከተሰጠ፣ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። አንድ ጊዜ ትኩሳቱ የያዘው ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ያንኑ መርፌ ይወጋል፤ ይህም እንደ ልቡ ጉዳት መጠን 10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ፣ አንዳንዱም 40 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው። በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ ማለት በዓመት 13 መርፌ፣ በ10 ዓመት 130 መርፌ ነው። ዋጋው ውድ አይደለም፤ ከባዱ መቁጠሩ ነው።

እኛም መቁጠር ጀመርን። እኅቴን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የእኔ ድርሻ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም አላለፈንም፤ ጉንጯ ሞላ፤ መሮጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ፈተና ደረሰብኝና አንዱን መርፌ ለሚቀጥለው ሳምንት ብዬ አሳለፍሁት። ሳምንቱ ወር ሆነ። በዚያው ሰሞን አክስታችን ጠበል ወሰደቻትና ሁለት ሱባኤ ቆዩ። ስትመለስ አክስቴ፣ ጠበል የነካው ገላ መርፌ አይነካውም፣ እምነት ማጉደል ነው አለች። እኔም ዝም አልሁ። የዝምታዬ ምክንያት እምነት አልነበረም፤ ስንፍናዬ መሸፈኛ በማግኘቱ ደስ ብሎኝ ነው። አምስት ወር አለፈ። ትኩሳቱ ተመለሰ፤ አስቀድሞ አንድ የነበረው የተጎዳ በር ሁለት ሆነ። ዛሬ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። በስድስተኛው ላይ ከዮርዳኖስ ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ተራው ረዥም ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ፤ ብዙ ልጆችም በዚያ ድነዋል። ሆኖም ገና በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ይጠብቃሉ። በጊዜው ያልተወጋ አንድ መርፌ ይህን ሁሉ ወጪና ጭንቀት ያመጣል።

አሁን ወደ ጠበሉ ጥያቄ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በዚህ ነውና። ጠበል የእግዚአብሔር ቸርነት የሚገለጥበት መሆኑን እናምናለን፤ ንዕማንም የነጻው በውኃ ነው። ግን ያው አምላክ ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ባለቀሰ ጊዜ ጸሎቱን ሰምቶ ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (2ኛ ነገ. 20፥7)። ጸሎቱ በለሱን አላስቀረም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይቃረኑ አስተምረዋል። ስለዚህ ጠበል የሚሄድ መርፌውን አያቋርጥ፤ መርፌ የሚወጋም ጠበሉን አይናቅ። ሐኪሙ ተመርምረሃል፣ በቃህ እስኪል ድረስ ተሽሎኛል ብሎ ማቆም ግን የእምነት ብርታት ሳይሆን ስድስተኛው ላይ መውጣት ነው።

ታዲያ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከሕፃናት ክፍላችን ወይም ከሠፈራችን ልጅ ሳል ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ ሳይኖረው ጉሮሮውን ቢያመው፣ ቢያተኩሰውና ንፍፊት ቢወጣበት፣ ያልፋል አንበል፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ቀድሞ መርፌ ወይም ኪኒን ተቃውሞት የሚያውቅ ከሆነ ለባለሙያው ይነገር። ኪኒን ከታዘዘ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም እስከ 10ኛው ቀን ይዋጥ።

ሁለተኛ፣ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደምና ቁስል ይጨምራል እንጂ። ይህን ለእናቶቻችን በትሕትና እንንገራቸው።

ሦስተኛ፣ መገጣጠሚያው በየተራ የሚያብጥ፣ ወይም እጁና ፊቱ ያለ ፈቃዱ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ብናይ፣ ወለምታ ነው ወይም መንፈስ ነው ብለን ብቻ አንለፈው። ይህ መንቀጥቀጥ ከዚሁ ትኩሳት ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

አራተኛውና ዋናው፣ መቁጠር ነው። አራት ሳምንት አራት ሰንበት ነው። እኛ ደግሞ ሰንበትን የማንረሳ ልጆች ነን። በየክፍላችን መርፌ የሚወጉ ልጆች ካሉ፣ በወላጆቻቸው ፈቃድ እያንዳንዳቸውን አንድ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ይያዛቸው። አራተኛው ሰንበት ሲደርስ ከጉባኤ በኋላ፣ ነገ ተራህ ነው፣ አብረን እንሄዳለን ይበለው። መርፌው ያማል፤ ልጅ ብቻውን ሲሆን ይሸሻል፣ እጁን የሚይዝለት ሲያገኝ ግን ይችለዋል። ፈተና የደረሰበት ተራውን ለሌላው ይስጥ እንጂ እንደ እኔ ለሚቀጥለው ሳምንት አይበል።

ንዕማንን ያዳኑት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። አንዷ ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ ናት፤ ሌሎቹ በመንገድ ላይ የመከሩት አገልጋዮች ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ የጦሩ አለቃ እንደ ተቆጣ አገሩ ይገባ ነበር። ለእኅቴ እኔ እንደዚያ አገልጋይ ልሆን ይገባኝ ነበር፤ አልሆንሁም። አሁን በየአራተኛው ሰንበት ማግስት አብሬያት እሄዳለሁ፤ እርሷም በመንገድ ላይ ስንተኛው እንደሆነ ትቆጥርልኛለች። እናንተም በጸሎታችሁ አስቧት።

እግዚአብሔር አምላካችን ሕሙማንን ይማርልን፤ እኛንም እስከ ሰባተኛው የሚያደርስ ትዕግሥት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።