መውጫ በር ያለው እንግዳ

ሀገር በታወከ ጊዜ በየቁምስናችን ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፈረንጆቹ አሉ ወይስ ሄዱ?» የሚል ነው። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ ለስብሰባ የተቀመጡ የዞኑ አመራሮችና ክልል የመሆንን ጥያቄ ሲያራምዱ የቆዩ ሰዎች ተይዘው፣ በተከታዮቹ ቀናት በወላይታ ከተሞች ተኩስ ተሰምቶ የሰው ሕይወት ባለፈበት ሰሞን ይህ ጥያቄ በብዙዎች አፍ ነበር። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው በተገኘው አውሮፕላን ሁሉ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ባሳሰቡ ጊዜም እንደገና ተነሣ። ሰው የአደጋውን መጠን ከሬዲዮ ዜና ይልቅ በሚሲዮኑ ግቢ ቆማ በምትታየው ወይም በማትታየው መኪና ይለካል።

ጥያቄው ከጉጉት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ በውስጡ ፍርድ አለበት። የቀረው «ወገናችን ነው» ይባላል፤ የሄደው ደግሞ ተኩላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ እንደሚሸሸው ምንደኛ ይቈጠራል። ከጣሊያን የመጡት አቡነ ዶሜኒኮ ማሪኖዚና ከኮሎምቢያ የመጡት አቡነ ሮድሪጎ መሂያ በእረኝነት የመሩት፣ የውጭ አገር ካህናትና ደናግል ዘመናቸውን የፈጸሙበት ሀገረ ስብከት ምእመናን እንደ መሆናችን፣ ይህን ፍርድ በችኮላ ልንሰጥ አይገባንም እንላለን። የውጭ ዜጋውና ጎረቤቱ አንዱን ተኩስ አብረው ይሰማሉ፤ የቆሙበት ስፍራ ግን አንድ አይደለም። አንደኛው ፓስፖርትና ኤምባሲ፣ በባሕር ማዶም የሚቀበለው ወገን አለው። ሁለተኛው በዳሞታ ተራራ ሥር ካለችው ቤቱ፣ ከእንሰት ማሳውና ከልጆቹ በቀር የሚሄድበት የለውም። ለጎረቤቱ መቅረት ምርጫ ስላልሆነ ማንም አያመሰግነውም፤ ለእንግዳው ግን በየማለዳው የሚታደስ ምርጫ ነው። ምርጫ ከሆነ ዘንድ ደግሞ «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህንኑ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ429 ዓ.ም. ገደማ ቫንዳሎች የተባሉት ወራሪዎች ሰሜን አፍሪካን ሲያጥለቀልቁ፣ ኦኖራቶስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ካህናት መሸሽ ይገባቸው እንደ ሆነ ከቅዱስ አውጎስጢኖስ ጋር ተጻጽፎ ነበር። አውጎስጢኖስ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ በመልእክቶቹ መካከል ይገኛል። መልሱ «ቆዩ» ወይም «ሽሹ» የሚል አጭር ትእዛዝ አይደለም። ተለይቶ የሚፈለገው አንድ ሰው ከሆነና ሕዝቡን የሚያገለግሉ ሌሎች ካሉ፣ ያ ሰው ቢሸሽ አይነቀፍም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ከደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ወርዶ አምልጧል፤ ቅዱስ አትናቴዎስም ከንጉሥ ቈስጠንጢዮስ እጅ ሸሽቷል። አደጋው የሁሉም በሆነ ጊዜ ግን ሕዝቡ የሚሻቸው አገልጋዮች ሕዝቡን ጥለው ሊሄዱ አይገባም። ከአገልጋዮቹ መካከል ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚል ክርክር ቢነሣስ? ዕጣ ይጣል ይላል። ይህ የዕጣ ምክር እጅግ ደስ ያሰኘናል። የቀረው በጀግንነቱ እንዳይመካ፣ የሄደውም በፈሪነት እንዳይታማ ያደርጋልና። አውጎስጢኖስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ430 ዓ.ም. ያረፈው ከተማው ሂፖ በወራሪዎቹ ተከብባ ሳለች ነው። ይሁንና መለኪያው ጀግንነት እንዳልነበረ እናስተውል፤ እርሱ የጠየቀው «ይህ ሰው ቢሄድ አገልግሎት የሚጐድልበት ማን ነው?» ብሎ ነው።

አውጎስጢኖስ ግን በተወለደበት ምድር የሚያገለግል እረኛ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣውን እንግዳ በተመለከተ የሀገራችን ታሪክ የሚጨምርልን አለ። እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1846 ዓ.ም. በጎንደር ታሰሩ። ጊዜው የኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ ሀገሪቱን በአንድ እጅ ለማግባት የሚዋጉበት፣ የሃይማኖት ክርክርም ከመንግሥት ጉዳይ ጋር የተቈላለፈበት ነበር። ከወራት እስር በኋላ አቡነ ያዕቆብ አገር ለቀው እንዲወጡ ወደ ጠረፍ ተሸኙ። ከእርሳቸው እጅ ክህነትን የተቀበሉት ኢትዮጵያዊው መነኵሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ሲንገላቱ ቆይተው በ1847 ዓ.ም. ዐረፉ። እምነታቸው አንድ፣ የቀረበባቸው ክስም አንድ ነበር፤ የውጭ አገሩ ሰው ወደ ጠረፍ ሲሸኝ የሀገሬው ሰው በእግር ብረት ሞተ። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ታከብራለች፤ እኛም በአቡነ ያዕቆብ ላይ ነቀፋ አንሰነዝርም። ሊወጡ የፈለጉ እርሳቸው አይደሉም፤ ከዚያም በኋላ ወደ ምጽዋ በኩል ዞረው ሥራቸውን ቀጥለው በዚያው በአፍሪካ ቀንድ ምድር ሞተዋል። ነገር ግን በእንግዳ ሰው ዙሪያ የተሰበሰቡ ሁሉ ከእንግዳው የበለጠ ሊከፍሉ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አናውቅም።

በወላይታ ምድር ደግሞ የወንጌላውያን ወንድሞቻችን ታሪክ አለ። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ወደ ወላይታ መጡ፤ የኦቶና ሆስፒታልም መነሻ ከእነርሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ወጡ። በዚያን ቀን የተጠመቁት ምእመናን 48 ነበሩ ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ቍጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ እንዳገኙት ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ጽፈዋል። አንዳንዶች ይህን ታሪክ ጠቅሰው «እንግዳ የሚጠቅመው ሲሄድ ነው» ይላሉ። አነጋገሩ ቀልድ ቢመስልም ሁለት ነገር ይዘነጋል። ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ባዶ ሜዳ አልተዉም፤ በወላይትኛ የተተረጐሙ የወንጌል ክፍሎችንና ምእመናኑን የሚመሩ የአገር ሽማግሌዎችን ትተው ነበር። ደግሞም በሄዱባቸው ዓመታት እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። መሄዱ ፍሬ ያፈራው አስቀድሞ በተደረገው ርክክብና በቀሩት ሰዎች ጀርባ ነው። ኦቶናም ቢሆን በደርግ ዘመን ከሚሲዮኑ እጅ ወጥቶ፣ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ሕሙማንን ይቀበላል።

በዚያው በጠላት ዘመን ጣሊያናዊ ያልሆኑ ብዙ ሚሲዮናውያን ሥራቸውን እንዲለቁ ተደርገዋል፤ ከእነዚህም አንዱ በሐረር ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ የራስ ተፈሪ መምህር የነበሩት ፈረንሳዊው ካፑቺን አባ እንድርያስ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የጣሊያናውያኑ ሆነ። ሁከት የሰውን ሥራ አይመረምርም፤ የፓስፖርቱን ሽፋን ያያል።

ወደ ቅርብ ጊዜ እንመለስ። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ሠራተኞች ተገደሉ። አንዷ ስፔናዊት አስተባባሪ፣ ሌሎቹ ኢትዮጵያዊ ረዳቷና ኢትዮጵያዊ ሹፌራቸው ነበሩ። ሦስቱም ለቈሰለ ሰው ሲሉ የወጡ ናቸውና ክብራቸው እኩል ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን በየቦታው ያለው ሹፌር ነው። አንድ የውጭ ዜጋ «እቀራለሁ» ባለ ቁጥር ሹፌሩ፣ ምግብ አብሳይዋና በር ላይ የሚያድረው ዘበኛም አብረው ቀርተዋል። እነርሱን የጠየቃቸው አለን? ደመወዙን ፈርቶ ዝም ያለ ሰው «ተስማምቷል» ሊባል አይችልም። ውሳኔው በጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን በዘበኛው ጎጆ ደጃፍም ሊመከርበት ይገባል፤ ዘበኛው «ሌሊት ልጆቼ ዘንድ ልደር» ቢል ያለ ቅሬታ የሚለቀቅበት ምክክር ማለታችን ነው።

ከመቅረትና ከመሄድ ይልቅ የሚከብደው ግን የአንደበት ጉዳይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ ብዙ የሀገራችን ክፍሎች በረሀብ በተመቱ ጊዜ፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ቅርንጫፍ መንግሥት በግዳጅ ያካሂደው የነበረውን ሰፈራ በይፋ ተቃወመ፤ ሰው በሰፈራው ምክንያት እየሞተ ነው አለ። በ1978 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተባረረ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ግን እህልና መድኃኒት ማከፋፈሉ እንዳይቋረጥ ብለው ዝም አሉ። ማን ልክ ነበር? የተናገሩት በአውሮፕላን ወጡ፤ ታማሚዎቻቸው በድንኳን ቀሩ። ዝም ያሉት ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የዝምታውን ዋጋ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ የሄደው ገበሬ ከፈለ። ስለዚህ ዝምታ ሁልጊዜ ትሕትና ነው፣ ንግግርም ሁልጊዜ ድፍረት ነው ማለት አይቻልም። ሰው እየሞተ መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው መመስከሩ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን ከመናገሩ በፊት ለታማሚዎቹ ተረካቢ መፈለግም የዚያው ምስክርነት ክፍል ነው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ብሂል በዚህ ላይ ይጠቀሳል። ባለሥልጣን እንግዳውን ዝም ለማሰኘት ይጠቅሰዋል፤ ጠንቃቃው እንግዳም ለዝምታው መሸፈኛ ያደርገዋል። ብሂሉ እውነት የሚሆንበት ቦታ አለው። በ1991 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች የቀላቀለው «ወጋጎዳ» የተባለው የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የተቃወሙት የወላይታ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ናቸው፤ የሞተ አለ፣ የታሰረ አለ፣ ከሥራው የተፈናቀለ አለ። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ጉዳዩ በባለቤቶቹ ድምፅና ዋጋ የተገኘ ነበር። ልጁ በዚያ መጽሐፍ የማይማር፣ ድምፅ የማይሰጥ እንግዳ በእንዲህ ያለው ነገር ወገን ይዞ ቢናገር የራሱ ያልሆነውን ዋጋ በሌላ ሰው ስም መፈረሙ ነው። ልጁ በጥይት ተመትቶ በክሊኒኩ ደጃፍ የወደቀበት ዕለት ግን ብሂሉ አይሠራም። በዚያን ጊዜ በሩን መክፈት፣ ማን እንደ መታው ሳይጠይቁ ማከም፣ በኋላም የታየውን ለሚጠይቅ ሕጋዊ አካል አለማድበስበስ የሀገሬውም የእንግዳውም ግዴታ ነው።

ስለ እንግዳው ይህን ያህል ካልን ስለ ተቀባዩም፣ ማለትም ስለ ራሳችን፣ ልንናገር ይገባናል። «ደናግሉ ካሉ ግቢው አይነካም» ብለን እንዲቀሩ የምንለምንበት ጊዜ አለ። ይህ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን እንደ አጥር መጠቀም ነው። እንግዳ ቆዳውን ጋሻ እንዲያደርግልን አልመጣም። በሌላ ወገን ደግሞ ሁከት በመጣ ቁጥር «ሰላዮች ናቸው» የሚለው ወሬ ከገበያ ተነሥቶ እስከ ጸሎት ቤት ይደርሳል፤ ወሬውን ከሌላ የሚቀበል ካቴኪስት እርሱ ዘንድ እንዲያበቃ ማድረግ ይጠበቅበታል።

ደግሞ እንግዳ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ነጩ ሰው ብቻ መሆኑ ያሳዝነናል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ የወላይታ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ በገዛ አገራቸው እንግዶች ሆነው ነበር፤ ኤምባሲ አልነበራቸውም። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይከፈል በቆንስላው ደጃፍ ተጥለዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የኃያላኑ ዜጎች በአውሮፕላንና በመርከብ ሲወጡ ብዙ ወገኖቻችን በየብስ እየተንከራተቱ መተማ ደርሰዋል። በየቁምስናችን ልጇ በዓረብ አገር ያለች እናት አለች፤ ስለ እንግዳ ግዴታ የሚነገረውን ሁሉ እርስዋ ከማናችንም በተለየ ጆሮ ትሰማዋለች።

ለእምነታችን በር የከፈቱት ሁለቱ እንግዶችም መጀመሪያ መውጫ በር አልነበራቸውም። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከጢሮስ ተነሥተው ሲጓዙ በባሕር ጠረፍ ተማርከው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት የገቡ ወጣቶች ነበሩ። ንጉሡ ሲሞት ነፃ ወጡ፤ በሩ ተከፈተ። አልጋ ወራሹ ግን ሕፃን ነበርና ንግሥቲቱ ልጁ እስኪያድግ አብረዋት እንዲቆዩ ለመነቻቸው። ባለቤቲቱ ለምናቸው፣ እነርሱም ፈቅደው ቆዩ። ልጁ ካደገ በኋላ ሁለቱም ኃላፊነታቸውን አስረክበው ሄዱ። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስናን ተቀብሎ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ አገር ገባና በዚያው ቀረ፤ ስለዚህም የነቀፈው የለም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የጻፈው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ ነው፤ ኤዴስዮስ በዚያን ጊዜ በጢሮስ ካህን ነበር።