ስለ መለኪያና ስለ ለኪው

ቀድሞ በገበያችን አቡጀዲ በክንድ ይለካ ነበር። ብልኅ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል፤ ሻጭም በበኩሉ ክንዱ አጭር የሆነውን ልጁን ያቀርብ ነበር። ይህን ስንሰማ እንሥቃለን። ነገር ግን ሁለቱም የለኩት በእውነተኛ ክንድ ነውና ሌባ ልንላቸው አንችልም። ጉድለቱ መለኪያው ከለኪው አካል አለመለየቱ ነው። የሰው ልጅም መለኪያውን ከክንዱ ለማላቀቅ ብዙ ዘመን ደክሟል። ከልቡ ማላቀቅ ግን ከዚያ የበለጠ የከበደው ይመስለኛል።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1792 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የፈረንሳይ መንግሥት ዣን ባፕቲስት ደላምብርና ፒየር ሜሼን የተባሉትን ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ርቀት እንዲለኩ ላካቸው። ዐሳቡም ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለዐሥር ሚሊዮን ሲከፈል አንዱን እጅ ሜትር ብሎ ለመሰየም ነበር፤ ይኸውም የንጉሥም የነጋዴም ክንድ ያልሆነ መለኪያ ለሕዝብ ሁሉ እንዲሆን ነው።

ሜሼን እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበር። በባርሴሎና በሞንዡይክ ምሽግ ላይ ሆኖ ከዋክብትን እየተመለከተ የቦታውን ኬክሮስ ለካ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይና እስፓኝ ስለ ተዋጉ ወደ ምሽጉ መውጣት ተከለከለ፤ እርሱም ከከተማው ውስጥ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ እንደ ገና ለካ። ሁለቱ ልኮች ሊስማሙ ሲገባቸው ሦስት ሴኮንድ ያህል ተለያዩ። ሴኮንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው፤ በመሬት ላይ ሲታሰብ ልዩነቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ሜሼን ይህን ደበቀ። በ1799 ሜትሩ ከፕላቲን ተሠርቶ በክብር ሲቀርብ ሰው ሁሉ አመሰገነው፤ እርሱ ግን ከዚያች ቀን በፊትም በኋላም ዕረፍት አላገኘም። እንደ ገና ወደ እስፓኝ ሄዶ ሲለካ በ1804 በንዳድ ሞተ። ወረቀቶቹ ለጓደኛው ለደላምብር በደረሱ ጊዜ፥ ደላምብር የተፋቁና የተለወጡ ቍጥሮች አገኘባቸው።

የሚያሳዝነው ነገር፥ ሜሼን በእጁ ሥራ ያን ያህል የሚያሳፍር በደል አልነበረበትም። መሣሪያው አንዱን ማዕዘን ደጋግሞ ለመለካት የሚያስችል ነበርና፥ ብዙ ጊዜ ከተለካ ስሕተቱ ያልቃል ተብሎ ይታመን ነበር። መደጋገም ግን የሚያጠፋው ወዲያና ወዲህ የሚበተነውን ስሕተት ብቻ ነው። አንዱ ጐኑ ያዘነበለ ሚዛን መቶ ጊዜ ቢመዝኑበት መቶ ጊዜ ያንኑ ሐሰት ይመልሳል፤ ልኮቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተስማሙም እውነተኛ ይመስላሉ። ይህን የሚያጋልጠው ሌላ ሚዛን ነው። ሜሼን ያንን ሌላ ሚዛን አግኝቶ ነበር፤ የእንግዳ ማረፊያው ልክ እርሱ ነው። እርሱ ግን የራሱን ውርደት የሚመሰክር ጠላት መስሎት ሸሸገው።

በእርሱ ለመፍረድ አልደፍርም። እኔም በተማሪነቴ ዘመን የፔንዱለም ሙከራ ስንሠራ፥ ከመጽሐፉ ቍጥር ያልገጠመውን ልክ ፍቄ የገጠመውን ጽፌአለሁ። መምህሩም አመሰገነኝ። በማግስቱ አንድ ጓደኛዬ ያልገጠመውን እንዳለ ጽፎ ዝቅተኛ ነጥብ ሲቀበል አየሁ፤ ዝም አልሁ።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትማሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍም ከዚሁ ፈተና አይወጣም። ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው ሲመረምረው፥ ራሱ በጠረገው መንገድ ስለሚሄድ እንቅፋቱን አያገኘውም፤ ስለዚህ ደጋጎቹ ባለሙያዎች ሥራቸውን ለሌላ ሰው ዐይን ይሰጣሉ፥ የተገኘውንም ጉድለት ሁሉ ይመዘግባሉ። ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ በ1999 ታየ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ወደ ማርስ በላከው መንኰራኩር ሥራ፥ በምድር ላይ ያለው አንዱ ፕሮግራም የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ እያሰላ ያቀርብ ነበር፤ ስምምነቱ ግን በኒውተን እንዲሆን ያዝዝ ስለ ነበር፥ ተቀባዩ ፕሮግራም ቍጥሩን ኒውተን ነው ብሎ ይሠራበት ነበር። አንዱ ፓውንድ አራት ኒውተን ተኩል ያህል ነው። ይኸው የገበያው ክንድ በጠፈር ላይ ተመለሰ። በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያልፋል የተባለው መንኰራኩር እስከ 57 ኪሎ ሜትር ወርዶ ጠፋ። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው፤ መንገዱን የሚከታተሉት ሰዎች ቍጥሮቹ እንደማይገጥሙ በጕዞው ወራት አይተው ነበር። ሥጋታቸው በደንቡ ተመዝግቦ እስከ ፍጻሜው ስላልተመረመረ ብቻ ከወሬ አላለፈም።

ደግሞ ሌላ ነገር እነሆ። በ2011 ኦፔራ የተባለው የሳይንስ ቡድን፥ ከጄኔቭ አጠገብ ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ኢጣልያው ግራን ሳሶ የሚደርሱትን ኒውትሪኖ የሚባሉ ደቂቅ ነገሮች ሲለካ፥ ብርሃን ሊደርስበት ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖ ሴኮንድ ቀድመው ደረሱበት። ከብርሃን የሚቀድም ነገር አለ ማለት የፊዚክስን መሠረት መናድ ነው። ሰዎቹ ለወራት መረመሩ፥ ስሕተቱን አላገኙም። ከዚያ በኋላ ልካቸውን ለዓለም ገልጠው፥ ስሕተታችንን ፈልጉልን አሉ። ከሜሼን የተፋቀ ወረቀት ጋር አነጻጽሩት።

ስሕተቱ በ2012 ተገኘ፤ በደንብ ያልተሰካ አንድ የብርሃን ገመድ ነበር። ዓለም ሣቀባቸው፤ ከመሪዎቹም ሁለቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቸኩለው ገልጠዋል የሚሉ አዋቂዎች አሉ፥ ነገሩም ጭራሽ ሐሰት አይደለም። ቢሆንም የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከነስሕተቱ ዛሬም ይነበባል፤ 60 የምትለውን ቍጥር ማንም አልፋቃትም።