ከጥርጥርህ ጋር ና

ልጄ፣ «ከጎዶርያው የጀልባ አደጋ ወዲህ ጸሎት አልወጣ ብሎኛል፤ እግዜርም የሚሰማ አልመስል አለኝ» ስትለኝ ያልተቆጣሁህ ነገርህን ንቄ አይደለም። ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ፤ አንተን ያስጮኸህን ድንጋይ አውቀዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. እኛ ሁዳዴን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን መጨረሻ ስንጾም፣ የአገራችንን ልጆች ከየመን የሚመልስ ጀልባ መጋቢት 30 ቀን ሰጠመና 38 ሰው አለቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጀልባ ተከተለ። ለምን ሆነ ብትለኝ መልስ የለኝም። በሰው ሬሳ ላይ ቆሞ የእግዜርን ሐሳብ እተነትናለሁ ከሚልህም ራቅ።

አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ለአፋቸው ሲጠነቀቁ ነው። ለነፍሱ የሚጠነቀቅም ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን ጥርጥርህን መርምረው፤ ለማየት የሚጠይቅ አለ፣ ላለመሄድ ሰበብ የሚፈልግም አለ።

ቶማስን ተመልከት። ጌታ በተነሣ ዕለት ለወንድሞቹ ሲገለጥ እሱ አልነበረም። ችንካሩን ካላየሁ አላምንም አለ። ሐዋርያት ግን አላባረሩትም፤ እሱም አኩርፎ አልቀረም። በስምንተኛው ቀን አብሯቸው ስለተገኘ አየ። ቤተ ክርስቲያናችንም ቀኑን ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች።

የእመቤታችንን ዕርገት ታሪክም ታውቀዋለህ። ቶማስ በደመና ሲመጣ ስታርግ አገኛት፤ የተገነዘችበትን ሰበኗንም ሰጠችው። ወንድሞቹ ጋ ሲደርስ እንዳላየ ሆኖ ስለ መቃብሯ ተከራከራቸው። ሊያሳዩት ከፈቱት፤ ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ሰበኗን አወጣላቸው። እነሱም እሱ ያየውን እኛ ሳናይ አንቀርም ብለው በዓመቱ ከነሐሴ አንድ ጀምረው ሱባኤ ገቡ፤ በ16ኛው ቀን አዩ። ሕፃን ሽማግሌው የሚወደው ፍልሰታ የመጣው ሳናይ አንቀርም ካሉ ሰዎች ነው። አለማየታቸው አቃጠላቸው፤ ቃጠሎውም አስጾማቸው እንጂ አላስኮረፋቸውም።

የኛ የጅቡቲ ካርቲየ 2 ሰዎች ፈተና ሌላ ነው። እዚህ አገር ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ ሰው ሁሉ ሥራ ይገባል። ቅዳሴ አንድ ሳምንት ያመልጥሃል፣ ከዚያ ወር ይሆናል፣ ከዚያ መቅረትህን ራስህም ትረሳዋለህ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ጫትህን ይዘህ ክፍልህን ዘግተህ ከራስህ ጋር ትሟገታለህ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ ብቻህን ስትሟገት ሁልጊዜ አንተ ትረታለህ። ጥርጥርህ የበረታው እውነቱ ስለበዛ ሳይሆን የሚመልስለት ሰው ስላጣ ይሆናል።

ስለዚህ ስማኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ለነፍስ አባትህ ሳትሸፋፍን ንገራቸው። «አባቴ፣ ማመን አቃተኝ» ማለት ነውር አይደለም። ረጅም ጸሎት ካልወጣልህ አጭሩን ጸልይ። የታመመ ልጁን ይዞ ጌታ ፊት የቆመው አባት ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ተናዘዘ፤ ልጁም ተፈወሰለት። እምነቱ ሙሉ እስኪሆን ጠብቅ አልተባለም።

ደግሞ ሐዘንህን ሥራ ስጠው። ባሕሩን ሊሻገሩ የሚመጡ ልጆች ዛሬም በዚህ ከተማ ያልፋሉ። ውኃ ስጣቸው፣ አብላቸው፣ ባሕሩ ያደረገውን ንገራቸው፤ ለእናቱ ስልክ ለሚደውል ስልክህን አውሰው። እግዜር የት ነበር ያልከውን ጥያቄ አፍህ ዝም ብሎ እጅህ ቢጠይቀው ይሻላል።

እሑድ ከሥራ በፊት ለኪዳን ባትደርስ እንኳ ከሥራ በኋላ ደጁን ሳም። ሳታምን መጣህ የሚልህ ቢኖር እኔ ጋ ላከው። ቶማስን የታገሠ ጌታ አንተንም ይታገሥህ፤ ከወንድሞችህ መካከል ሳለህ ያግኝህ። አሜን በል።