ጠያቂና ተጠያቂ

በአማርኛ «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ብዙ ሥራ አለበት። ሰው መንገድ ይጠይቃል፤ ያበደረውን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለልጁ ሚስት ይጠይቃል፤ የታመመ ወዳጁንና ሐዘን የተቀመጠ ጎረቤቱንም ይጠይቃል። ከዚሁ ግሥ «ተጠያቂ» የሚል ስም ወጥቶ፥ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ኃላፊነቱን የሚሸከመውን ሰው ያመለክታል። ቋንቋው ራሱ እንግዲህ አንድ ነገር ወስኖ አስቀምጧል፤ ይኸውም ጠያቂው ባለመብት፥ ተጠያቂው ደግሞ ባለዕዳ መሆኑን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት «አገልግሎቴን አሻሽል ዘንድ አስተያየትህን ስጠኝ» ብሎ ወደ ሕዝብ በቀረበ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ጠያቂው መሥሪያ ቤቱ፥ ተጠያቂው ባለጉዳዩ ይሆናል። ለመሆኑ ይህ መገለባበጥ የቃል ብቻ ነውን? ወይስ የጠለቀ የምግባር ጥያቄ አለበት?

ነገሩን ከአየር ላይ አውርዶ መሬት ለማስያዝ ከመስቃን የተሻለ አገር በቀላሉ አይገኝም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ ያለው የመስቃንና የማረቆ ገጠር፥ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተደጋግሞ ከተጠየቀባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1979 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርስቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ጥናት ሲጀምር፥ 9 የገበሬ ማኅበራትንና 1 የከተማ ቀበሌን መርጦ ቤት ለቤት ቆጠራ አካሄደ። ከዚያ ወዲህ መዝጋቢዎች በእንሰቱ ተክልና በበርበሬው ማሳ መካከል እየተመላለሱ ማን ተወለደ፥ ማን ሞተ፥ ማን አገባ፥ ማን ከቀዬው ወጣ፥ ማን ገባ ሲሉ ለብዙ ዓመታት ጠይቀዋል። ልጇን የቀበረች እናት ሕፃኑ ስንት ቀን እንዳሳለው፥ ትንፋሹ እንዴት እንደ ነበረ፥ ተቅማጥ ይዞት እንደ ሆነ ትጠየቃለች። ሐኪም ያላየውን ሞት መንስኤ ከእናት አንደበት ካልሆነ በቀር ማወቅ አይቻልምና። የሳንባ ምችና ተቅማጥ በዚያ አገር የሕፃናት ዋነኞች ገዳዮች መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ አንዱ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያካሄደው የሴቶች ጤናና የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት በኢትዮጵያ የተሠራው በዚሁ በቡታጅራ አካባቢ ነበር። በ1998 ዓ.ም (በ2005 እ.ኤ.አ.) በወጣው ዘገባ መሠረት፥ ባል ወይም የኑሮ ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በዚያው ሰው እጅ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ስፍራዎች ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነበር፤ ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ የተገኘው 15 በመቶ ነው። አኃዙ ከባድ ነው፤ ከአኃዙ በስተጀርባ ያለው የአጠያየቅ ዘዴ ግን ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። ጠያቂዎቹ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች፤ የምትጠየቀውም ሰሚ በሌለበት ለብቻዋ ነው። የጥናቱ ስም ለጎረቤትና ለባል ሲነገር ስለ ጤናና ስለ ኑሮ እንደ ሆነ ብቻ ይገለጻል። በመካከል ሰው ቢደርስ ጨዋታው ወደ ሌላ እንዲዞር አስቀድሞ ታስቦበታል። እንግዲህ እነዚያው ሴቶች በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበው «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ቢሆን ኖሮ፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ወፍጮና ስለ መንገድ ይናገሩ ነበር እንጂ ያንን ሆድ ይፍጀው ብለው ያልፉት ነበር። ቃለ ጉባኤውም «በቤት ውስጥ ጥቃት ረገድ የቀረበ ቅሬታ የለም» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ሐሰት አልተጻፈም ሊባልም ይችል ይሆናል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የምግባር ነጥብ ይወለዳል። መሥሪያ ቤት የሚያገኘው መልስ የሕዝቡ ልብ ውስጥ ያለው አይደለም፤ በተዘጋጀለት በር ሊያልፍ የቻለው ብቻ ነው። በሩን ያበጀው ደግሞ ጠያቂው ስለ ሆነ፥ ለቀረውም ኃላፊው እርሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ወጣቱ ሠራተኛ «አባቴ፥ አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ቢላቸው፥ «ተመስገን፥ ደኅና ነው ልጄ» ይላሉ፤ ሙስሊም ከሆኑም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይመርቁታል። ከጧት ጀምሮ ተሰልፈው፥ የታዘዘላቸውንም መድኃኒት ሳያገኙ ይሆናል የሚወጡት። አልዋሹም። ጥያቄው በሰላምታ ቅርጽ ስለ ቀረበላቸው በሰላምታ ቅርጽ መለሱ። ነገ ተመልሶ የሚያክማቸውን ልጅ ፊቱ ላይ መውቀስ ደግሞ ይሉኝታ አይፈቅድም። ሠራተኛው ግን በቅጹ ላይ «ረክተዋል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። በመስቃንኛ ያሰቡትን በአማርኛ እንዲመልሱ መገደዳቸውም ሌላ ወንፊት ነው። ማንበብና መጻፍ ላልቻለው ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የአስተያየት መስጫ መዝገብ ከነጭ ወረቀት የተለየ ትርጉም የለውም።

የቀድሞ ነገሥታት ይህን ችግር ሳያውቁት አልቀሩም። «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እረኛው አልተሾመም፥ አይሻርም፤ ከመስክ ሲውል የሚያንጎራጉረው ለንጉሥ ጆሮ ብሎ አይደለም። ዋጋውም በዚህ ላይ ነው። በ1721 እ.ኤ.አ. በጎንደር ዙፋን የተቀመጠው አፄ በካፋም ልብሱን ለውጦ በሕዝብ መካከል ይዘዋወር እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። በዚያው ዓመት፥ እጅግ በራቀ አገር፥ የጃፓኑ ገዢ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ የአቤቱታ ሳጥን አስቆመ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ያስጨነቃቸው ነገር ግን አንድ ነው፤ በዙሪያቸው ያለው ሰው የሚነግራቸውን አላመኑም።

የጃፓኑ ሳጥን ጥቂት ቆም ብሎ መመልከትን ይጠይቃል፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉት የአስተያየት ሳጥኖች ሩቅ ዘመድ ነውና። ሳጥኑ ቁልፍ ነበረው፤ ይዘቱም የሚገለጠው በገዢው በራሱ ፊት ነበር። አመልካቹ ስሙንና መኖሪያውን መጻፍ ግዴታው ነው፤ ስም የሌለው ወረቀት ተቀባይነት አልነበረውም። ኦጋዋ ሾሴን የተባለ ሐኪም ለድኾች መታከሚያ ቤት ይሠራ ዘንድ በዚህ ሳጥን ጽፎ አመለከተ፤ በ1722 እ.ኤ.አ. ኮይሺካዋ በተባለው ስፍራ የድኾች ሆስፒታል ተከፈተ። በካፋ ሲሞት ዝውውሩም አብሮት ቀረ፤ ሳጥኑ ግን ካቆመው ሰው በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ስም መጻፍ ግዴታ የመሆኑ ነገር ሊያከራክር ይችላል፤ ፈሪውን ያስቀራልና። የቁልፉ ነገር ግን አያከራክርም። ቅሬታ የቀረበበት ኃላፊ ራሱ የሳጥኑን ቁልፍ ይዞ፥ ራሱ ከፍቶ፥ ራሱ አንብቦ፥ ራሱ የሚመርጥ ከሆነ፥ ያ ሳጥን ተከሳሽ ዳኛ የሆነበት ችሎት ነው። ብዙ ባለጉዳይም ይህን ስለሚያውቅ፥ በሳጥኑ ውስጥ ከአቧራ በቀር የሚገኝ ነገር የለም።

የኢትዮጵያ የኋላ ታሪክ በዚህ ረገድ የተለያዩ በሮችን ሞክሯል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደጅ መጥናትና በመኪና ፊት ወድቆ ወረቀት ማቀበል ነበር። በ1978 ዓ.ም የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ለውይይት ቀረበ፤ ያን ጊዜ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው ሐሳብ በተለይ በሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ማስነሣቱ፥ ጭብጨባ በበዛበት ስብሰባ ውስጥ እንኳ ሰው ከልቡ የሚከራከርበት ነገር እንዳለው ያሳያል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተመሠረተ። እንዲህ ያለው ሹመት በስዊድን ከ1809 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው፤ «እንባ ጠባቂ» የሚለው ስያሜ ግን የአገር ነው። ስሙ ያማረ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳስባል፤ እንባ እስኪፈስ መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

ከእነዚህ ሁሉ በሮች ይልቅ ወደ ፍትሕ የቀረበው፥ ከ1998 ዓ.ም ወዲህ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም አማካይነት በየወረዳው የተሞከረውና ኋላም ጤና ሚኒስቴር ለጤና ጣቢያዎች የተጠቀመበት፥ ማኅበረሰቡ ነጥብ የሚሰጥበት ካርድ ነው። ተገልጋዮቹ ሠራተኞቹ በሌሉበት ለብቻቸው ይወያያሉ፤ ለሠራተኛው አክብሮት፥ ለወረፋው ርዝመት፥ ለመድኃኒቱ መኖር፥ ለአምቡላንሱና ለግቢው ንጽሕና ነጥብ ይሰጣሉ። ሠራተኞቹም በበኩላቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ምን፥ በማን፥ እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። የዘዴው ጥበብ በነጥቡ ላይ አይደለም፤ ነጥብ በቀላሉ ይደለላል። ጥበቡ ጠያቂውና መላሹ በአንድ ቤት ተቀምጠው ቀን በመቁረጣቸው ላይ ነው። ቀን የተቆረጠለት ነገር ሳይፈጸም ቢቀር፥ «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ወደ ጥንት ባለቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የመንግሥት ካዝና ወሰን አለው፤ ሕዝብ የጠየቀውን ሁሉ መፈጸም የማይቻል ከሆነ፥ ያልተፈጸመ ተስፋ ከመስጠት አለመጠየቅ አይሻልምን? ደግሞስ ሐኪም መድኃኒት ሲመርጥ በሽተኛውን ያማክራልን? ሁለተኛው ለመመለስ አያስቸግርም፤ መድኃኒቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ቢሆንም፥ የቱ ጋ እንደሚያመው የሚያውቀው በሽተኛው ነው። የመጀመሪያው ግን ቁም ነገር አለው። መልሱ የሚገኘው መፈጸምንና መመለስን በመለየት ነው። የጠየቀ መሥሪያ ቤት የሁሉን ፈቃድ የመፈጸም ግዴታ የለበትም፤ «ይህን ሰምተናል፤ ይህን እናደርጋለን፤ ያንን ግን በዚህ ምክንያት አንችልም» የማለት ግዴታ ግን አለበት። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ሊያዝን ይችላል፤ የተናቀ ግን አይደለም። ዝም የተባለው ግን ቀኑንም ቃሉንም ተወስዶበታል።

የጉራጌ አገር ይህን ልዩነት በራሱ ገንዘብ አይቶታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ወደ አገራቸው መንገድ ሲያስወጡ፥ ያዋጣ ሰው ብሩ የት እንደ ደረሰ ይጠይቅ ነበር፤ ማንም እንደ ድፍረት አይቆጥርበትም። የዕድር ዳኛም ሒሳቡን የሚያስረዳው አስተያየት መስጫ ቅጽ በትኖ አይደለም። ግብር የሚከፍል ሰው በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ለምን ድምፁ ይቀንሳል? መዋጮና ግብር በመሠረቱ አንድ ሆነው ሳለ፥ በአንዱ ባለቤት በሌላው ተመጽዋች መሆኑ፥ ከገንዘቡ ሳይሆን ከመልሱ ልማድ የመጣ ይመስላል።

መልስ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ወልቂጤ በ2015 ዓ.ም አይታለች። በየካቲት ወር የመጠጥ ውሃ እጦት ያስመረራቸው የከተማዋ ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ድርጊቱን ለሕዝብ ገለጸ። የውሃ ችግር ስውር ምስጢር አይደለም፤ እንደ ቡታጅራ ሴቶች ጉዳይ በለሆሳስና በብቸኝነት የሚጠየቅ አይደለም። ማንም ሰው ባዶውን ጀሪካን አይቶ ይረዳዋል። ባዶ ጀሪካን ግን በአስተያየት ሳጥን ቀዳዳ አይገባም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደ አስተያየት ሳይሆን እንደ ሁከት ይታያል። በዚያች ከተማ የጎደለው መረጃ ነበር ሊል የሚደፍር አይኖርም።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፥ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተዋቅሮ ቡታጅራ መቀመጫው ሆነች። ከዚያ በፊት በመስቃን ወረዳ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ወልቂጤ፥ ከዚያም ወደ ሐዋሳ መጓዝ ነበረበት። አሁን የዞኑ ደጅ በከተማው ውስጥ ነው፤ የክልሉም አስተዳደር በሆሳዕና ነው። የመሳፈሪያው ገንዘብ ቀንሷል። በመስቃንኛ የተነገረ አቤቱታ በመስቃንኛ መልስ የሚያገኝበት መስኮት ይከፈት እንደ ሆነ፥ የሳጥኑም ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሰጥ፥ ገና የሚታይ ነው።