ገንፎው፣ ስንጥሩና ቀብዱ

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ አበው። ገንፎ ጥርስ የሌለው ሕፃንም ሽማግሌም የሚበላው ለስላሳ ምግብ ነው። ተረቱም የሚያስጠነቅቀን ከዚሁ ለስላሳ ነገር ነው። ግን ስንጥሩ ከየት ገባ? ዱቄቱ ተነፍቷል፣ ውሃው ጠሏል። መልሱን ያገኘሁት ወጥ ቤቴን ሳሳድስ ነው።

ካቢኔ ሠሪው ትሑት ሰው ነበር። «ጋሼ፣ የካቢኔው ጣውላ፣ ኤምዲኤፉ፣ ነገ ይጨምራል፤ ዛሬ እንግዛው» አለኝ። ከነዕቃው ተስማምተን ከዋጋው 70 በመቶ ሰጠሁት። በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ካቢኔ በሦስተኛ ወሩም የለም፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ወርክሾፑ ድረስ ብሄድ የሌላ ሰው በር እየሠራ አገኘሁት። በእኔ ብር ከእኔ የቀደመውን ደንበኛ ሥራ ሲጨርስ፣ የእኔን ደግሞ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ቀብድ ሊሠራ ኖሯል። ያን ጊዜ ገባኝ፦ ስንጥሩ የሚወጣው ገንፎውን ከሚያገነፋው እንጨት፣ ማለትም ከአሠራሩ ነው። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ መነሻ ገንዘብ የሌለው ባለሙያ ነው።

ተረቱ እዚህ ላይ ያጥረዋል። ጠርጥር አለን እንጂ እንዴት እንደምንበላ አልነገረንም። ደግሞም ባለሙያው ራሱ ይጠረጥራል፤ ሠርቶ ጨርሶ ቀሪውን የተከለከለ ስንቱ ነው! ሁለቱም ተጠራጥረው ከተቀመጡ ገንፎው ይበርዳል።

«ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱም ስንጥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ግን የሰጠው ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለው እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል። ስለዚህ ለዕቃ መግዣ የሚሰጥ ገንዘብ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፤ «ቀብድ» ያልነው ገንዘብ መውጫ በርም ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይበላ? ገንፎ በላተኛ ያውቃል፦ ከዳር እየቆረሰ ወደ መሃሉ ቅቤ ያጠቅሳል። ግድግዳውን ቀድሞ የናደ፣ ቅቤው ይፈስበታል። እኔም ሁለተኛውን ሥራ፣ ሴራሚኩን፣ በእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋልኩ። ዕቃውን ከባለሙያው ጋር ሄጄ ገዛሁ፤ ደረሰኙን ያዝኩ። ወለሉ ሲያልቅ አንድ ክፍያ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ሌላ፤ የመጨረሻውን ውሃ ተለቆ ፍሳሹ ከታየ በኋላ ከፈልኩ። ይህም በሁለት ገጽ ተጽፎ፣ ሁለታችንም ፈርመንበት ነው።

ባለሙያው ሲፈርም ሳቅ አለና «ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን እኔም ሌሊት እተኛለሁ» አለኝ። ተረቱን ያሟላልኝ እሱ ነው። ጥርጣሬ ሰውን ከመሸሽ ይልቅ ወደ ውል ሲለወጥ፣ ተጠርጣሪውንም ያሳርፋል።