የጥንቱ ፒያኖና የጠጋኙ ዕዳ

የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራው ድምፅ እንዲሰጥ ነው። ዘመን ሲጫነው ግን አውታሩ ይዝጋል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ቆዳው ይደርቃል፤ በመጨረሻም ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ከሰብሳቢውና ከጠጋኙ ፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ይደቀናል። ያረጀውን አካል ለውጦ መሣሪያውን ማናገር ይገባልን? ወይስ እንደተገኘ በዝምታው መጠበቅ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅ ሙያ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የዛሬው ሰው ካለፈው ትውልድ በተረከበው አደራ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው የሚጠይቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ለዚህ የፒያኖ ፈልሳፊ የባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ ሥራዎች ሁነኛ ምሳሌ ናቸው። ክሪስቶፎሪ በፍሎሬንስ ከተማ የሜዲቺን መሳፍንት ያገለግል የነበረ መሣሪያ ሠሪ ነው። በዘመኑ የገነነው ሃርፕሲኮርድ አውታሩን በላባ ዘንግ እየቆነጠረ የሚያሰማ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ቁልፉን ቢያለዝብም ቢያበረታም የድምፁ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም ነበር። ክሪስቶፎሪ በላባው ፈንታ ትንንሽ መዶሻዎችን ተክቶ፣ ጣት ሲለዝብ የሚለዝብ፣ ጣት ሲበረታ የሚበረታ መሣሪያ ፈጠረ። ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1700 በተጻፈ የሜዲቺ ቤት የንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ከእጁ ወጥተው እስከ ዛሬ የቆዩት ፒያኖዎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ1720ው በኒው ዮርክ፣ የ1722ቱ በሮም፣ የ1726ቱ በላይፕሲግ ሙዚየሞች ይገኛሉ።

የሦስቱ ዕጣ አንድ አልሆነም። የሮሙን ነቀዝ ስለጎዳው አይጫወቱበትም። የላይፕሲጉም እንዲሁ ዝም ብሏል። የኒው ዮርኩ ድምፅ ይሰጣል፤ ይሁንና ድምፁን የሚያስተጋባው ጣውላ እ.ኤ.አ. በ1938 በሌላ ተተክቷል፣ የቁልፎቹም ክልል ከመጀመሪያው እንዲለይ ተደርጓል። እንግዲህ ከሦስቱ መካከል የሚናገረው፣ ራሱን ሆኖ የማይናገረው ነው።

ይጫወቱበት የሚለው ወገን ክርክሩ ቀላል አይደለም። ክሪስቶፎሪ የደከመው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ዕንጨት ሳይሆን ለድምፅ ነው፤ የጣትን ስሜት እንዲያሰማ የተፈጠረን መሣሪያ ለዘለዓለም ዝም ማሰኘት ሠሪውን እንደ መካድ ይቆጠራል ይላል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰብሳቢም በንብረቱ ማዘዝ መብቱ መሆኑን ያነሣል።

ነገር ግን የዕድሜ ጠባሳ ራሱ ምስክር ነው። ክሪስቶፎሪ የመዶሻውን ራስ ከተጠቀለለና በሙጫ ከተጣበቀ ወረቀት ሠርቶ ጫፉን በቆዳ አልብሶታል። ያ ቆዳ ምን ያህል ውፍረት እንደነበረው፣ የትኛው ቦታ እንደተበላ፣ የሚመረምር ዓይን ያነበዋል። ጠጋኙ በአዲስ ቆዳ በለወጠው ዕለት ግን ገጹ ተቀደደ ማለት ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ገዢው ዕንጨቱንና አውታሩን ገዝቶ ይሆናል፤ ገና ያልተወለደው መርማሪ ሊጠይቀው የሚችለውን ጥያቄ ግን አልገዛም።

ይህ ሲባል አሮጌ ፒያኖ ሁሉ ዝም ይበል ማለት አይደለም። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በፋብሪካ በብዛት ተሠርተው ከነቤተሰባቸው የቀሩ መሣሪያዎች ቢታደሱና ሙዚቃ ቢያሰሙ ጉዳቱ ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ብርቅ ለሆነው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ልኩን ወስዶ አምሳያውን መሥራት ነው። ዛሬ የክሪስቶፎሪን ፒያኖዎች በመለካት አምሳያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አድማጭም በአዲሱ ዕንጨት አማካይነት ወደ አሮጌው ድምፅ ይቀርባል። አምሳያው ቢሳሳት ሌላ አምሳያ ይሠራል፤ ዋናው ቢሳሳት ግን የሚያርመው የለም።

ስለዚህ ዝም ያለው መሣሪያ ሥራ ፈትቷል ለማለት አይቻልም። የሚዘምሩት ሁሉ ልካቸውን የሚወስዱት ከእርሱ ነው። የጠጋኝ ታላቅ ሙያም እጁ የቻለውን ሁሉ በመሥራት ብቻ ሳይሆን፣ እየቻለ በመተውም ይለካል።