አርባን ለስምንት፦ ለልጅ ማካፈልን ማስተማር የማን አማና ነው?

ያለፈውን ዓረፋ ያሳለፍኩት ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ አምባሰል ሲዘለቅ ባለች አንዲት መንደር፣ ከዘመዶቼ ጋር ነበር። ሰባት አባወራዎች ለኡድሒያ አንድ በሬ በጋራ ገዝተው አርደዋል። ሥጋው በቅጠል ላይ በሰባት መደብ ተደልድሎ ዕጣ ወጣ። እኛ ቤት የደረሰው መደብ ሲቆጠር 21 ቁራጭ ሆነ። እንደ ልማዱ አንድ ሦስተኛው ለቤት፣ አንድ ሦስተኛው ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንድ ሦስተኛው ለሚስኪን ነው። አባት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጁን ጠራና፣ «በል የተማርከው አንተ ነህ፤ 21 ለሦስት ሲካፈል ስንት ስንት ይደርሳል?» አለው። ልጁ ጣቶቹን አየ፤ ቀጥሎ የአባቱን ፊት አየ፤ ዝም አለ። «ሦስት ዓመት የተመላለስከው ለዚህ ነው?» ብሎ አባት እጁን ሲያነሳ ልጁ ሮጦ ከአያቱ ጀርባ ተደበቀ።

አያቲቱ ፊደል አልቆጠሩም። «አብሽር የኔ ልጅ፤ ና እኔና አንተ እናድለው» አሉትና ሦስት ሰፌድ አቀረቡ። አንድ ለቤት፣ አንድ ለዘመድ፣ አንድ ለሚስኪን እያለ ልጁ ማደል ጀመረ። ሥጋው ሲያልቅ አንዱን ሰፌድ ቆጠረ። «ሰባት!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹንም ቆጠረ፤ ሰባት፣ ሰባት። ከዚያ ቀን በኋላ 21 ለሦስት ስንት እንደሆነ ያ ልጅ ይረሳል ብዬ አላስብም።

ውድ አንባቢያን! ይህ የልጆች ጨዋታ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በዚያው አገር የማውቀውን ሌላ ታሪክ ልጨምር። አንዲት ዘመዴ አባቷ ሲሞቱ እናቷ፣ ሁለት ወንድሞቿና እርሷ ቀሩ። ዕዳው ተከፍሎ ለክፍፍል የቀረው 40 በግና ፍየል ነበር። የእርሷ ድርሻ ነው ተብሎ አራት በግ ተነድቶ መጣላት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተቀበለች። ሱረቱ ኒሳእ ላይ ሚስት ልጆች ባሉበት አንድ ስምንተኛ እንደምታገኝ፣ ወንድ ልጅም የሁለት ሴት ልጆችን ያህል እንደሚወስድ ተደንግጓል። እስቲ እናስላው። 40 ለስምንት አምስት ነው፤ ይህ የእናት ነው። 35 ይቀራል። ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ፣ በድምሩ አምስት እጅ ነው። 35 ለአምስት ሰባት ነው። ስለዚህ ወንዶቹ 14፣ 14፣ እርሷ ሰባት ይደርሳቸዋል። ሦስት በግ ጎደለባት ማለት ነው። በእርሷና በሐቋ መካከል የቆሙት ሁለት የማካፈል ስሌቶች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሊያውቃቸው ይገባል።

ወንድሞቿ ሆን ብለው በደሏት? አላህ ያውቃል። ምናልባት እነርሱም ማስላት አልቻሉ ይሆናል። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። ባለማወቅ የተበላ ሐቅ ሐቅነቱ ይቀራልን? በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖታቸው ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። ቃዲም አለ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። ድርሻዋ ሰባት እንደሆነ የማታውቅ ሴት ግን የየትኛውን ፍርድ ቤት በር ታንኳኳለች?

የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን የማካፈልን ውጤት «ድርሻ» ብለው ይጠሩታል። ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም። አንድ ልጅ «ድርሻው ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠየቀው የቁጥር ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ ነው። የቀደሙት ዑለሞች ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አል‑ኸዋሪዝሚ በኸሊፋ አል‑መእሙን ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በባግዳድ የጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊው ክፍሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ክፍፍል ነው። ዓለም ዛሬ በመጽሐፉ ስም የሚጠራው ይህ የሒሳብ ዘርፍ ከወራሾች ጉዳይ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

በኸሊፋ ዑመር ኢብኑ አል‑ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የቀረበውን ጉዳይም እናስታውስ። አንዲት ሴት ባልና ሁለት እህቶች ትታ ሞተች። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የእህቶቹ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሀብቱ በስድስት እጅ ቢታሰብ ለባል ሦስት፣ ለእህቶች አራት ይሆናል፤ ድምሩ ሰባት። ስድስቱ ለሰባት አልበቃም! ዑመር (ረ.ዐ) ሰሓቦችን አማከሩ። ሀብቱ በሰባት እጅ ተከፈለና ጉድለቱ በሁሉም ላይ እንደየድርሻው ተደለደለ። ይህ በፈራኢድ «ዐውል» ይባላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በኋላ የተለየ አስተያየት ቢኖራቸውም አብዛኞቹ ዑለሞች የያዙት ይህንኑ ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር፣ ሲጎድል ጉድለቱ በደካማው ወገን ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ትክክለኛ ስሌት መሆኑን ነው።

እንግዲህ እንዴት እናስተምራቸው? ከፊሎች «ልጅ ይሸምድድ፤ እኛም በሒፍዝ ነው ያደግነው» ይላሉ። ከፊሎች ደግሞ «ስልክ ያሰላለታል፤ ምን አደከመው» ይላሉ። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ሒፍዝ ክብራችን ነው፤ ዳሩ ግን በዱላ የተያዘ ቁጥር ዱላው ሲነሳ አብሮ ይጠፋል። ስልክም የታዘዘውን ያሰላል እንጂ 40ውን ለስንት ማካፈል እንደሚገባ አይነግርም።

የአያቲቱ መንገድ የሚበጅ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ልጁ በእጁ ያድል፤ በባቄላ፣ በጠጠር፣ በተምር። 12 ተምር ለሦስት ሰው አድሎ አራት አራት መድረሱን ይይ። ቀጥሎ 12 ተምር ውስጥ ስንት ባለሦስት ክምር እንዳለ ይቁጠር። ከዚያ ማባዛትና ማካፈል የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን እናሳየው፤ ሦስት ጊዜ አራት 12 ከሆነ፣ 12 ለሦስት አራት፣ 12 ለአራት ሦስት ነው። ይህ ሲገባው ሒፍዙ ይቀላል። በሁለት፣ በአሥርና በአምስት ጀምሮ ከባዶቹን ስድስት፣ ሰባትና ስምንትን ለመጨረሻ ማቆየት፣ በቀንም ከመግሪብ በኋላ አምስት ደቂቃ ብቻ መስጠት ይበቃል። ሲሳሳት «እስቲ አድለህ አሳየኝ» ማለት እንጂ እጅ ማንሳት አያስፈልግም።

በተለይ የወሎ ልጆች ይህ ይገባቸዋል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያኔ ማባዛትና ማካፈል የሚጀምሩበት ዕድሜ ላይ የነበሩት ልጆች ዛሬ ክፍላቸው አድጓል፤ መሠረቱ ግን ክፍተት ሊኖረው ይችላል። በደሴና በአዲስ አበባ የምንኖር ለልጆቻችን አስጠኚ እንቀጥራለን። ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ከያዝነው ስጦታ ጋር ለወንድም ልጅ፣ ለእህት ልጅ አንድ ሰዓት ብንጨምር ምን ይጎድልብናል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በማካፈል ውስጥ አንዳንዴ ቀሪ አለ፤ 22 ለሦስት ሰባት ደርሶ አንድ ይተርፋል። ልጁ «ይህችስ የማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያው በሱረቱ ኒሳእ ስምንተኛው አንቀጽ፣ ውርስ ሲከፋፈል ወራሽ ያልሆኑ ዘመዶች፣ የቲሞችና ሚስኪኖች ከተገኙ ከሀብቱ እንዲሰጣቸውና በመልካም ቃል እንዲነገራቸው ታዘናል። ልጆቻችንን ድርሻን በትክክል እንዲያወጡ እናስተምራቸው፤ በክፍፍሉ ውስጥ ስም የሌለውንም ሰው እንዲያዩ። ያቺ ዘመዴ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት። ከእነርሱ አንዷ 40 ለስምንት ስንት እንደሆነ ሳታመነታ የመለሰች ዕለት፣ በዚያ ቤት አንድ በደል ዳግም እንዳይፈጸም በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ወላሁ አዕለም።